ኮርሱ በዛ፣ ስፓኒሹ ጠፋ

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ስልኬ ላይ ዱዎሊንጎ የሚባለው የቋንቋ መማሪያ አፕሊኬሽን አለ፤ የፒምስለርን የድምፅ ትምህርት እሰማለሁ፤ የአሲሚል መጽሐፍም አለኝ። አንድ ወዳጄ ደግሞ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ይማሩበት የነበረውን አሮጌ ኮርስ በፍላሽ ሰጠኝ። "አንድ ኮርስ ብቻውን አይበቃም፤ መቀላቀል ነው" ስለተባልኩ ሁሉንም ጎን ለጎን አስኬዳለሁ። "እናንተ" ለማለት አንዱ "ቦሶትሮስ" ሲለኝ ሌላው "ኡስቴዴስ" ይለኛል። አንዱ ላይ ወደፊት ስገፋ ሌላው ላይ የተማርኩትን እረሳለሁ። አፌን ስከፍት ከ"ኦላ" (ሰላም) አላልፍም። አንዱን መርጬ ሌላውን ልተው?
(ኮርስ የበዛበት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንዱንም አትተው፤ ነገር ግን አራቱን እኩል አታስኪዳቸው። ችግርህ የኮርሶቹ መብዛት ሳይሆን ሁሉም አለቃ መሆናቸው ነው። አንዱን ሹመው፤ ሌሎቹ ለእርሱ ይሥሩ።

ከሹመቱ በፊት ግን እያንዳንዱን ኮርስ የት ላይ እንዳቆምከው ተመልከት። ለብቻቸው የሚማሩ ሰዎችን ይህን ስጠይቃቸው የማገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ኃላፊ ጊዜ የሚጀምርበት ቦታ ላይ። የሁሉም ኮርስ የመጀመሪያ ምዕራፎች ተመሳሳይ ናቸው፤ ሰላምታ፣ ስም፣ ቁጥር፣ ሆቴል፣ "ይህ ስንት ነው?"። አንዱን ጀምሮ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው እነዚህን ምዕራፎች ሳይቸገር ያልፋቸዋል። የሚያውቀውን ሲጠይቁት ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል፤ ደስም ይለዋል። ከዚያ የግስ እርባታው መከመር ሲጀምር "ይህ ኮርስ አልተስማማኝም" ይልና አዲስ ይፈልጋል። በዚህ አኳኋን ስፓኒሽን ዕድሜ ልክ መጀመር ይቻላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ኮርስ የሚባል ነገር ቤትህ አይግባ፤ አለቃው ከግማሽ እስኪያልፍ ድረስ።

ላንተ አለቃው አሲሚል ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ድምፅም ጽሑፍም አለው፣ ትምህርቱ በየቀኑ ተቆራርሶ ቀርቧል፣ ደግሞም መጨረሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመሠረተው ይህ የፈረንሳይ አሳታሚ ትምህርቱን በሁለት ዙር ያስኬዳል። በመጀመሪያው ዙር እየሰማህና እያነበብህ መረዳት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ወደ ሃምሳኛው ትምህርት ስትደርስ አዲሱን እየቀጠልህ ከአንደኛው ጀምሮ ትመለሳለህ፤ በዚህ ጊዜ ከምታውቀው ቋንቋ ወደ ስፓኒሽ ራስህ ትተረጉማለህ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ዙር ይዘለዋል። ሁለተኛውን ዙር የዘለለ ሰው ኮርሱን አልጨረሰም፤ ጥሩ አድርጎ አንብቦታል ማለት ብቻ ነው።

እኔ ግን ሃምሳኛውን አልጠብቅም። ደብተሬን በቁመቱ መሐል ለመሐል አጥፈዋለሁ። የዕለቱን ንግግር መጀመሪያ መጽሐፉን ሳልከፍት እሰማለሁ፤ ቀጥሎ እያየሁ እሰማለሁ፤ ከዚያ ከተናጋሪው እኩል ድምፄን አውጥቼ እላለሁ። በደብተሩ በቀኝ በኩል ትርጉሙን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ መጽሐፍ እንደሚጽፈው ሳይሆን ሰው እንደሚናገረው። በማግሥቱ መጽሐፉን ዘግቼ አማርኛውን ብቻ እያየሁ ስፓኒሹን በግራ በኩል እጽፋለሁ። ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቼ ስሕተቱን በቀይ አርማለሁ። ለምሳሌ አማርኛው "መጽሐፉን ሰጠኋት" ካለ "ሌ ዲ ኤል ሊብሮ" ይሆናል። "እሱን ሰጠኋት" ሲል ግን ተማሪ ሁሉ "ሌ ሎ ዲ" ብሎ ይጽፋል፤ መጽሐፉ "ሴ ሎ ዲ" ይላል። "ሌ" ከ"ሎ" ፊት ሲመጣ "ሴ" ይሆናል። የስልኩ አፕሊኬሽን ቃላቱን በሳጥን ደርድሮ ስለሚሰጥህ ይህን ስሕተት እንድትሠራ ዕድል አይሰጥህም። ያልሠራኸው ስሕተት ደግሞ አይታረምም።

አሮጌው የዲፕሎማቶች ኮርስ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። በሥነ ሥርዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልለፈው ካልህ በድርቀቱ ትሞታለህ፤ ሰዎቹ አይስቁም፣ አይቀልዱም፣ ሁልጊዜ ከኤምባሲ ወደ ሆቴል ናቸው። ነገር ግን ልምምዶቹ እንደ እርሱ የጠነከሩበት ኮርስ አላውቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጥሃል፤ ቀጥሎ አንድ ቃል ብቻ ይጠራና ዓረፍተ ነገሩን በዚያ ቃል ለውጠህ ወዲያው እንድትመልስ ይጠብቅሃል። "ሴ ሎ ዲ" ሦስት ጊዜ በቀይ ከታረመብህ የዚያን ልምምድ ብቻ ፈልገህ አውጣ፣ አፍህ እስኪለምደው አድክመው፣ ከዚያ ዝጋው። በመንግሥት ገንዘብ የተዘጋጀ ስለሆነ በነጻ ይገኛል፤ ስለዚህም ሳትጨርሰው ብትተወው ማንም አይከስርም። ረዳት ኮርስ አይጨረስም፤ ሲበቃህ ይተዋል።

ፒምስለር አፍህን ይያዝ። የኮርሱ መሥራች ፖል ፒምስለር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ አዲስ ቃል መቼ መቼ ቢጠየቅ እንደማይጠፋ ሰሌዳ አውጥቶ ነበር፤ በ5 ሰከንድ፣ በ25 ሰከንድ፣ በ2 ደቂቃ፣ በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓት እያለ ክፍተቱ እየሰፋ እስከ 2 ዓመት ይሄዳል። የግማሽ ሰዓቶቹ ትምህርቶች የተሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው። የኮርሱ ዋና ነገር አስተማሪው ጠይቆ ዝም የሚልባት ክፍተት ናት። በዚያች ክፍተት ድምፅህን አውጥተህ ካልመለስህ ሬዲዮ እያዳመጥህ ነው። ትምህርቱ የሚሰጥህ ቃል ጥቂት ነው፤ ይህ ግን ነቀፌታ አይደለም፤ ቃሉን ከአለቃው ታገኛለህ። "ኪዬሮ" (እፈልጋለሁ) የሚለውን ቃል አሲሚል ላይ ካነበብኸው፣ ፒምስለር ላይ ከተናገርኸው፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አፕሊኬሽኑ ላይ ድንገት ከገጠመህ ያ ቃል ያንተ ሆኗል። የመቀላቀል ጥቅም ይህ ብቻ ነው፤ ያንኑ ቃል በሌላ ድምፅ፣ በሌላ ቦታ፣ ሳትዘጋጅ ማግኘት።

ዱዎሊንጎን ወረፋ ስትጠብቅ ክፈተው። የተከታታይ ቀኖችህን ቁጥር እንዳያሳጣህ ብለህ እኩለ ሌሊት ላይ እንዳትነሣለት እንጂ ሌላ ቅሬታ የለኝም።

"ቦሶትሮስ"ን በተመለከተ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። በስፔን ወዳጆችህን በብዙ ቁጥር ስትጠራ "ቦሶትሮስ" ትላለህ፤ በላቲን አሜሪካ ለወዳጅም ለማታውቀውም "ኡስቴዴስ" ነው። አርጀንቲና ብትሄድ ደግሞ ለአንድ ወዳጅ "ቱ" ሳይሆን "ቦስ" ሲሉ ትሰማለህ። አንተ የአለቃህን ተናገር፤ የሌሎቹን ሰምተህ ዕወቅ። በሃያ አገሮች የሚነገር ቋንቋ ሁሉንም ዓይነት በአንድ ጊዜ እንድትናገረው አይጠይቅህም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ያገኘኋቸው የስፓኒሽ ኮርሶች በሙሉ ማብራሪያቸው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ስፓኒሹ ይክበደኝ ወይስ ማብራሪያው መለየት አቅቶኛል። መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል?
(ሁለት ቋንቋ የከበዳት)

መልስ፦ ለስፓኒሽ ብለሽ ከሆነ አታሻሽዪ፣ ልጄ። እንዲያውም አንቺን የከበደሽ ማብራሪያ ግማሹ አንቺን አይመለከትም። እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ ገጽ የሚፈጁትም እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያስጨንቀውን ነገር ለማስረዳት ነው። አማርኛ የሚናገር ሰው ከእነዚያ ጭንቀቶች ብዙዎቹን አያውቃቸውም።

"ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ" የሚለውን ውሰጂ። መጽሐፉ "የሚያመው ራስ ነው፣ ሰውየው ተሳቢ ነው፣ ግሱ ከራሱ ጋር ይስማማል" እያለ አንድ ምዕራፍ ይጽፋል። አንቺ "ራሴን ያመኛል" ትያለሽ፤ "ኛ"ዋ "ሜ" ናት፤ አለቀ። "ሜ ጉስታ"ም እንዲሁ "ደስ ይለኛል" ነው፤ ደስ የሚለው ነገር ባለቤት፣ አንቺ ተሳቢ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ለመቀበል ወራት ይፈጅበታል።

ሁለቱ ኃላፊ ጊዜያትም የሚፈሩትን ያህል አይደሉም። "አብሎ" ተናገረ ነው፤ "አብላባ" ይናገር ነበር ነው። ሁሉም ቦታ ላይ ልክ በልክ አይገጥሙም፤ መነሻው ግን በእጅሽ አለ። "ኪዬሮ ኬ ቤንጋ" ሲሉ ግሱ ከተለመደው "ቢዬኔ" መልኩን ይቀይራል፤ አንቺስ "ይመጣል" የምትይውን "ይምጣ"፣ "እንዲመጣ እፈልጋለሁ" ስትይ መልኩን ትቀይሪው የለ? መጻሕፍቱ ይህን ሰብጀንክቲቭ ብለው የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እንደ አደጋ ያስቀምጡታል። በአክብሮት "ኡስቴድ" ስትይ ግሱ ወደ ሦስተኛ መደብ ይሄዳል፤ "እርስዎ ይናገራሉ" ስትይም የምትጠቀሚው "እርሳቸው ይናገራሉ" የሚባልበትን ግስ ነው። ባለቤቱን ሳይጠሩ በግሱ ብቻ መናገር ደግሞ ማንም ሊያስተምርሽ አይገባም።

አማርኛ የማይረዳሽ ቦታ ግን አለ፤ ጊዜሽንም እዚያ ላይ አውይው። "ራበኝ" ስትይ "ያመኛል" በሠራበት መንገድ እንዳትሄጂ፤ ስፓኒሽ "ቴንጎ አምብሬ" ይላል፣ ረኃብ አለኝ እንደማለት። ጠረጴዛውና ወንበሩ ሁሉ ቋሚ ጾታ አላቸው፤ ቅጽሉም ስሙን ተከትሎ በጾታም በቁጥርም ይለወጣል። ስለዚህ ስምን ብቻውን አታጥኚ፤ "ላ ሜሳ"፣ "ኤል ሊብሮ" እያልሽ ከነመለያው ያዢው። ሁለቱም "መሆን" ተብለው በሚተረጎሙት በ"ሴር"ና "ኤስታር" ላይ አማርኛ ግማሽ መንገድ ያደርስሻል። "ኤስታር" ለቦታ ሲሆን "አለ"ን ይመስላል። ለሁኔታ ሲሆን ግን እኛ በግስ "ደክሞኛል" የምንለውን እነርሱ "ኤስቶይ ካንሳዳ" ይላሉ፤ ወንድ ከሆነ "ካንሳዶ"። ሁለቱም ብዙ ጊዜ "ለ" ተብለው በሚተረጎሙት በ"ፖር" እና "ፓራ" ላይ ማንም ቋንቋ አይረዳሽም፤ ከዓረፍተ ነገር ጋር መልመድ ነው።

ከኮርሶቹ መካከል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሚሼል ቶማስ እና ላንጉጅ ትራንስፈር የሚባሉት የድምፅ ኮርሶች በጣም የተመሰገኑ ናቸው፤ ሁለተኛው እንዲያውም በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚገነባ እንደ እነርሱ የሚያሳይ የለም። ነገር ግን ሁለቱም የሚነሡት ተማሪው ከሚያውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ የቃሉን መጨረሻ እየቀየሩ የስፓኒሽ ቃል ያወጣሉ። እንግሊዝኛሽ ደካማ ከሆነ ያ ስጦታ አይደርስሽም። በእነርሱ ፋንታ እንግሊዝኛ የሌለባቸውን ቪዲዮዎች ፈልጊ፤ አስተማሪው እየሳለ፣ በእጁ እያሳየ፣ በዝግታ በስፓኒሽ ብቻ የሚተርክባቸው ማለቴ ነው። የሰዋስው ማስታወሻሽን ደግሞ በአማርኛ ራስሽ ጻፊ። አንድን ሕግ በራስሽ አማርኛ በሁለት መስመር መጻፍ ካቃተሽ ገና አልገባሽም።

ጥያቄ፦ የስፓኒሽ "ር" ምላስ ማርገብገብ ይጠይቃል ይባላል። በመስታወት ፊት ስለማመድ ውዬ አልወጣልኝም። መላ አለው?
(ምላሱ የከበደው)

መልስ፦ አለው፤ መስታወቱን ተወው። "ሠራ" በል። አሁን "ይሠራል" በል። በመጀመሪያው ላይ "ር" ጠብቃለች፣ ምላስህ ደጋግማ መታች፤ በሁለተኛው ላልታለች፣ አንዴ ብቻ ነካች። ስፓኒሽም ያለው ይኸው ነው። የላላው "ፔሮ" "ግን" ማለት ነው፤ የጠበቀው "ውሻ" ነው። በቃል መጀመሪያ ላይ ያለው "ር" ሁልጊዜ የጠበቀው ነው። ለሌላው ተነባቢ ግን ማጥበቅህን ተው።

"ኘ"ን በስጦታ አግኝተኸዋል። "ቢ" እና "ቪ" ተብለው የሚጻፉት ሁለት ፊደሎች አንድ ድምፅ ናቸው፤ በአናባቢዎች መካከል ሲገቡ ከንፈር ሳይገጥም ይለሰልሳሉ። "አበባ" ስትል መሐል ያለችውን "በ" አድምጣት፤ እርሷ ናት። "ኤች" አትነበብም። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ በግዕዝ ረድፍ ያለችው የ"ለ" አናባቢ ስፓኒሽ ውስጥ የለችም፤ እርሷን ካስገባህ ወዲያው ያስታውቅብሃል። ስፓኒሹን በፊደላችን እየጻፍህ አታጥና፤ እኔ እዚህ የጻፍኩት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ነው። በራሱ ፊደል አንድ ሳምንት ከሠራህበት ንባቡ ያልቅልሃል፤ እንደተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ነው፤ ድምፅ ከፍ የሚልበትንም ቦታ የጭረት ምልክቱ ራሱ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጊዜ አለኝ፤ ትዝታም አለኝ፤ ትውስታ ግን እያነሰኝ መጥቷል፤ ያጠናሁት ቃል በሦስተኛው ቀን የለም። በዚህ ዕድሜ ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል? ፈተና ልውሰድስ ብል የት ነው የሚሰጠኝ ዕውቅና?
(ጡረተኛው)

መልስ፦ አባቴ፣ በሦስተኛው ቀን መጥፋቱ የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ ሰው ካጠናው አብዛኛውን የሚረሳው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳይቷል፤ ያን ጊዜ በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱ ቃሉ ሊጠፋ ሲል መልሶ መጠየቅ ነው። አንኪ የሚባለው የማስታወሻ ካርድ ፕሮግራም ይህን ሒሳብ ራሱ ይሠራልዎታል። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ቃል ብቻ አይጻፉ፤ ከሚማሩበት መጽሐፍ ያገኙትን አጭር ዓረፍተ ነገር በሙሉ ይጻፉ። በቀን ጥቂት አዲስ ካርድ ብቻ ይጨምሩ፤ ዛሬ በደስታ የጨመሩት ሁሉ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣብዎታልና። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሺህ ካርድ ከማውረድ የራስዎ መቶ ይበልጥልዎታል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ስፓኒሽን ከቀላሎቹ ቋንቋዎች ይመድበዋል፤ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይሰጠዋል። ያ ግን ሙሉ ቀን ለሚማር፣ አስተማሪ ለተመደበለት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ይኸው ማሠልጠኛ አማርኛን ከከባዶቹ ጋር መድቦ 44 ሳምንት ቆርጦለታል፤ እርስዎ ያንን ያለ ክፍያ በልጅነትዎ ጨርሰዋል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያጠና ሰው ቁጥሩን ወደ ዓመታት ለውጠው ያስቡት። ቀለል ያለ ወግ ለማውራትና ጋዜጣ ለማንበብ ግን ያን ሁሉ አይጠብቁም።

ፈተናው "ዴሌ" ይባላል። የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው የስፔን መንግሥት የቋንቋና የባህል ተቋም ኢንስቲቱቶ ሰርቫንቴስ ሲሆን ዲፕሎማው የሚወጣው በስፔን የትምህርት ሚኒስቴር ስም ነው፤ ከጀማሪው "ኤ1" እስከ ከፍተኛው "ሲ2" ስድስት ደረጃ አለው፤ የማብቂያ ቀንም የለውም። "ሲዬሌ" የሚባል ሌላ ፈተናም አለ፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ለ5 ዓመት ብቻ ያገለግላል። ለሥራ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ካልፈለጉት ፈተናው አያስፈልግዎትም። ቀጠሮ ካልተያዘላቸው የማያጠኑ ዓይነት ሰው ከሆኑ ግን ይመዝገቡ፤ እኔም ከእነዚያ ነኝ።

ጥያቄ፦ ፊልም እያየሁ ለመማር የግርጌ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ ይሁን?
(ፊልም ወዳዷ)

መልስ፦ በስፓኒሽ። በምታውቂው ቋንቋ ከሆነ ዓይንሽ ያነባል፣ ጆሮሽ ይተኛል። ፊልሙ ግን ከመነሻው በስፓኒሽ የተሠራ ይሁን። ከሌላ ቋንቋ ወደ ስፓኒሽ የተመለሰ ከሆነ ንግግሩንና የግርጌ ጽሑፉን የሚተረጉሙት ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው፤ ተዋናዩ የሚለው ሌላ፣ ከሥር የተጻፈው ሌላ ይሆንና የሰማሽውን የምትጠራጠሪው በከንቱ ነው። ሁለት ደቂቃ የምትሆን አንዲት ትዕይንት መርጠሽ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ከጽሑፍ ጋር፣ በመጨረሻ እንደገና ያለ ጽሑፍ እያት። ቀሪውን ፊልም እንደ ማንም ሰው ተዝናኝበት።